ከፊራ ላይ ኳሊቴቲቭ ይሻላል ኳንቲቴቲቭ? ላልሽው

ጥያቄዋን ላላያችሁ፦ እህታችን ለማስተርስ ቴሲሷ የምታጠናው ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ አትክልት የሚሸጡ ሴቶች ለምን ከባንክ ይልቅ በእቁብ እንደሚቆጥቡ ነው። ጓደኞቿ «ኳንቲቴቲቭ (በመጠይቅና በቁጥር የሚሠራ) አድርጊው፣ ዲፌንስ ላይ (ቴሲሱን ፈታኞች ፊት ስታቀርቢ) ቁጥር ያስከብራል» ይሏታል። እሷ ደግሞ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ስለምትፈራ ኳሊቴቲቭ (ሰው በቃለ መጠይቅ እያነጋገሩ የሚሠራ) ይቀለኛል ብላለች። የቀራት አራት ወር ነው።

አቦ እህቴ፣ በሁለቱም ምክንያት አትምረጪ። አርእስትሽን መልሰሽ አንብቢው፣ «ለምን» ይላል። ስንቶቹ እቁብ አላቸው፣ የተማሩትና ያልተማሩት ይለያያሉ ወይ ብትይ ኖሮ ቁጥር ውስጥ ገብተሽ ነበር። ለምን ስትይ ግን መልሱን ገና አታውቂውም፣ የማታውቂውን ደግሞ ምርጫ አድርገሽ መጠይቅ ላይ መደርደር አትችይም። ቢሮ ቁጭ ተብሎ የሚደረደረው ይታወቃል፦ ባንክ ይርቃል፣ ወረፋ አለ፣ ግንዛቤ የለም። «የግንዛቤ እጥረት» የሌለችበት መጠይቅ እስካሁን አላጋጠመኝም! ገበያው ውስጥ ግን ወለድ አልነካም የምትል አለች፣ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህም ወለድ አልባ ባንክ መኖሩን እያወቀች እቁቧን ያልተወች አለች፣ ባሏ ደብተሯን እንዳያይባት የምትፈራም አለች። ይቺን የመጨረሻዋን በመጠይቅ አታገኚያትም፣ ባሏ አጠገቧ ቆሞ ከሆነማ ጭራሽ።

እኔ ለሌሎች ሰዎች ጥናት ዳታ ስሰበስብ ነው የኖርኩት። አንዴ ቲማቲም የምትሸጥ እናት «የወር ገቢዎ ስንት ነው?» አልኳት፣ ወረቀቱ እንደሚለው። ዝም ብላ አየችኝ። ጠዋት አንድ ሳጥን በዱቤ ታነሳለች፣ ሲሸጥላት ለአከፋፋዩ ትከፍላለች፣ የዕለት እቁቧን ሻሿ ጫፍ ላይ ትቋጥራለች፣ የተረፈው እራት ነው። ወር የሚባል ነገር ሂሳቧ ውስጥ የለም። በመጨረሻ ልትገላገለኝ አንድ ቁጥር ጠራችልኝ። ያ ቁጥር ኤስፒኤስኤስ ውስጥ ገብቶ ከነነጥቡ አማካይ ሆኖ ወጣ። የዕለት እቁቧ ስንት እንደሆነ ብጠይቃት ግን ሳታመነታ ነበር የምትነግረኝ።

የሳምፕል፣ ማለትም ከሁሉም መሀል ተመርጠው የሚጠየቁት ሰዎች ነገርም አለ። ሁሉም ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት ለማስላት የያማኔን ቀመር ይጠቅሳል። 600 ሴቶች ካሉ፣ በ5 በመቶ ስህተት 240 ይሰጥሻል። ጥሩ። ግን ቀመሩ የሚሠራው ስማቸው ዝርዝር ላይ ኖሮ በዕጣ ስትመርጪ ነው። መሬት ላይ ዘርግታ የምትሸጠውን ማን መዝግቧት? ያገኘሻትን እየጠየቅሽ 240 ብትሞዪም የመላውን ገበያ ድርሻ በፐርሰንት ለመናገር አያበቃሽም። ኤግዛሚነሩ ነቃ ያለ ከሆነ እዚችው ላይ ነው የሚይዝሽ።

ኳሊቴቲቭ ይቀላል የሚባለው ግን ውሸት ነው። የአንድ ሰዓት የድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ አራት አምስት ሰዓት ይበላል፣ ያውም ጸጥ ባለ ቤት ከተቀዳ። ከፊራ ውስጥ የባጃጅ ጥሩንባው አለ፣ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛውና አማርኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይደባለቃል። ስንት ሰው ላነጋግር ካልሽ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ በጣም የሚጠቀስ ጥናት አለ፤ በሁለት የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ከ60 ሴቶች ጋር ከተደረገ ቃለ መጠይቅ ዋና ዋናው ሐሳብ በመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ ተገኝቷል። ይህ ግን ሁኔታቸው ሲቀራረብ ነው። ከፊራ ላይ በየቀኑ የምትሸጠውና ምርቷን ከገጠር ይዛ የምትመጣው ኑሯቸው ለየቅል ነው፣ ስለዚህ ከሁለቱም በቂ ሰው ያዢ። ሰዓቱንም አስቢበት። ጠዋት ሽያጭ ላይ ናቸው፣ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ከተማውን ያስተኛል። ለኔ የሚቀናኝ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ነው።

ጊዜ ቢኖርሽ መጀመሪያ አነጋግሪ፣ ከሰማሽው ተነስተሽ አጭር መጠይቅ አዘጋጂ፣ ከዚያ ብዙ ሰው ጠይቂ እልሽ ነበር። በአራት ወር ግን ሚክስድ ብለሽ ሁለቱንም ግማሽ ግማሽ ከምትሠሪ ኳሊቴቲቩን ብቻ በደንብ ሥሪው።

አድቫይዘርሽን ግን ዛሬ ነገ ሳትይ አናግሪው። ሪግሬሽን (አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ያለውን ግንኙነት በቁጥር የሚያሰላ ዘዴ) ካልሆነ አላይም የሚል ሰው ከሆነ ዘዴውን ሳይሆን ጥያቄውን ቀይሪ፣ «ስንቶቹ» እና «እነማን» ወደሚል አዙሪው። ያኔ ኤስፒኤስኤሱ አያስጨንቅሽ፣ ሰንጠረዥና ፐርሰንት ማውጣቱን የሚያሳይሽ ሰው እዚሁ ግሩፕ ውስጥ አይጠፋም።