የሮታሪ ሞተር ጥያቄዎቻችሁ፦ መጀመሪያ ማን እንደገደለው እንወቅ

ባለፈው ስለ ማዝዳ አርኤክስ-7 አንዲት አንቀጽ ጣል ባደርግ የጥያቄ ዶፍ ወረደብኝ። ይቺን መኪና የሚወድ ሐበሻ ይህን ያህል መኖሩን አላውቅም ነበር። ፒስተን የለው፣ ቫልቭ የለው፤ ሦስት ማዕዘን ሮተር እየዞረ የሚሠራ፣ ሮታሪ የሚባል ሞተር፣ በዚያ ላይ አየር በግፊት የሚነፋለት ቱርቦ። ጥያቄዎቻችሁን አሳጥሬ እነሆ።

ከቨርጂኒያ፦ «የ1993 አርኤክስ-7 በርካሽ ገዛሁ። ሻጩ “አፔክስ ሲሉ ብቻ ነው የሄደው፤ ቀይረህ መንዳት ነው” አለኝ። ስድስቱን ገዝቼ ልጀምር?»

«ብቻ» የምትለዋን ቃል ጠርጥራት። አፔክስ ሲል በሁለቱ ሮተሮች ሦስት ሦስት ጫፎች ላይ የምትቀመጥ ቀጭን ብረት ናት። በእኛ ጋራዥ ቋንቋ የፋሻን (የፒስተን ቀለበትን) ሥራ ትሠራለች። በአንተ ሞተር ላይ ውፍረቷ 2 ሚሊ ሜትር ነው። በእርጅና ስትበላ ኮምፕሬሽን (ሞተሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ሞተሩም ሲሞቅ አልነሳም ማለት ይጀምራል። ሞተሩ በአንድ ቀን ከሞተ ግን አላረጀችም፣ ተሰብራለች። ቱርቦ ባለው ሮታሪ ላይ ዋናው ሰባሪ ደግሞ ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ መፈንዳቱ ነው።

ለምን ፈነዳ? ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው። ያንተ መኪና ሁለት ቱርቦ አላት። አንደኛው ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ይነፋል፤ ሁለተኛው በደቂቃ 4500 ዙር አካባቢ ይገባል። ይህን ተራ የሚያስጠብቀው የቀጫጭን ጎማ ቱቦዎች ጫካ ነው። አሜሪካኖቹ «የአይጥ ጎጆ» ይሉታል፤ አልተሳሳቱም። 30 ዓመት የሞተር ሙቀት የጠበሰው ጎማ እንደ ቆሎ ይሰባበራል። ሌላው ደግሞ ማርሚታውን ማስከፈት ነው። መኪናዋ ስትሠራ ቱርቦው የሚነፋው እስከ 10 ፒኤስአይ ገደማ ግፊት ነበር። ጭስ መውጫው ሰፋ ሲል ትርፉን የሚለቀው ትንሽ በር አይበቃውም፤ ግፊቱ በራሱ ጊዜ ይወጣል። አየሩ በዛ፣ ቤንዚኑ ግን ያው ነው። ከዚያ ጧ!

እኔ የመጀመሪያ ሞተሬን በአዲስ ሲል ሠርቼ፣ ደክሞ የነበረውን የቤንዚን ፓምፕ ግን «ይሠራል እኮ» ብዬ መልሼ ገጠምኩት። ሦስት ወር ሳይሞላ ያንኑ ሞተር ድጋሚ አወረድኩት። ስለዚህ ወንድሜ፣ ቱቦውን፣ ፓምፑን፣ ኢንጀክተሩንና ኮምፒውተሩን ሳትመረምር ለሲል ብር አታውጣ። ስብርባሪው የሚወጣው በጭስ መውጫው በኩል ነው፤ መንገዱ ላይ ቱርቦው አለ። የቱርቦውን ክንፎች በባትሪ ብርሃን እያቸው። ተሸራርፈው ካገኘህ የበጀትህን ወረቀት ቀደህ እንደገና ጻፍ።

ከዴንቨር፦ «ኮምፕሬሽን አስለካሁ፤ 6 ኪሎ አካባቢ መጣ። መካኒኩ “ሞቷል፣ ይከፈት” አለ።»

ቆይ፣ አትክፈተው። የማዝዳ ዝቅተኛ ወሰን በስኩዌር ሴንቲ ሜትር 6 ኪሎ ነው፤ ያውም ማስነሻው በደቂቃ 250 ዙር ሲያዞረው። አንተ ያለህበት ከተማ ደግሞ ከባሕር ወለል 1600 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ የሚጨምቀውም ያነሰ ነው። ያንተ 6 ባሕር ዳርቻ ላይ ከ7 በላይ ይሆን ነበር። (አዲስ አበባ ላይ ቢለካ ሩቡ ያህል በጎደለ።)

ሌላም ነገር አለ። በተራ መለኪያ ለክቶት እንደሆነ ጠይቀው። እያንዳንዱ ሮተር ሦስት ፊት ስላለው ሁለቱ ሮተሮች ስድስት ቁጥር መስጠት አለባቸው። ተራው መለኪያ ግን ከሦስቱ ትልቁን ብቻ ይዞ ይቀራል። ሁለት የሞቱ ፊቶች ከአንድ ጤነኛ ጀርባ ይደበቃሉ ማለት ነው። ለሮታሪ የተሠራ መለኪያ ያለው ሰው ፈልግ። በፊቶቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ1.5 ኪሎ በላይ ከሆነ ያኔ እንነጋገራለን።

ከዱባይ፦ «ጠዋት ስትነሳ ነጭ ጭስ አለ፤ የራዲያተር ውኃም ይጎድላል። የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው?»

ቴስታታ (የሞተር ክዳን) የለውም እኮ! ይህ ሞተር እንደ ሳንድዊች ነው፤ በሦስት የብረት ሳህኖች መካከል ሮተሮቹ የሚዞሩባቸው ሁለት የአሉሚኒየም ሀውዚንጎች (ቤቶች)፣ በ18 ረጃጅም ብሎኖች ተጠፍረው። ውኃውን የሚይዙት በመካከላቸው የገቡ የጎማ ቀለበቶች ናቸው። አሉሚኒየም ከብረት ይበልጥ ስለሚለጠጥ አንድ ጊዜ ክፉኛ ከሞቀ ቀለበቶቹ ያልቃሉ። ሞተሩ እየሠራ በውኃ መሙያው ላይ የማያቋርጥ አረፋ ካየህ፣ በቃ፣ ሞተሩ መውረዱ ነው። ቀዳዳ ይደፍናል የሚሉትን ዱቄት አደራ አትጨምርበት።

የዳሽቦርዱ የሙቀት ቆጣሪም አላስጠነቀቀኝም ብለሃል። አያስጠነቅቅም። በዚህ መኪና ላይ መርፌው መሐል ላይ ተኝቶ ይቆይና ሲነሳ ረፍዷል። ቁጥር የሚናገር ቆጣሪ ለብቻ አስገጥም። አየር የሚለየውን የፕላስቲክ የውኃ ታንክም በአሉሚኒየም ቀይረው፤ የታወቀ ተሰንጣቂ ነው። በዱባይ ሐምሌ እነዚህ ሁለቱ ከማንኛውም ጌጥ ይቀድማሉ።

ከስቶክሆልም፦ «የተቧጨረ ሀውዚንግ ቶርኖ ቤት ወስጄ ባስጠርበውስ?»

አይሆንም። ቅርጹ ክብ አይደለም፤ ወገቡ እንደ ኦቾሎኒ ገባ ያለ ነው። ውስጡም የተለበጠው በስስ ክሮም ነው፤ ስትጠርበው ክሮሙን ታጣዋለህ። ጥፍርህን የሚይዝ ጭረት ካለው ሌላ መፈለግ ነው፤ ጥሩው ደግሞ እየጠፋና እየተወደደ ነው። የብረት ሳህኖቹ ግን ሥራውን በሚያውቅ እጅ ተለስልሰው ይመለሳሉ።

ጭረት ሲነሳ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሂሮሺማዎቹ የማዝዳ መሐንዲሶች፣ በኬኒቺ ያማሞቶ እየተመሩ፣ ይህን ሞተር ሲሞክሩ ሀውዚንጉ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ የቡጭሪያ መስመር አስቸገራቸው። «የሰይጣን ጥፍር» አሉት። ካርቦንና አሉሚኒየም ያለበት አፔክስ ሲል ሠርተው ነው በ1967 ኮስሞ ስፖርት የተባለችውን መኪና ለገበያ ያበቁት። የፈጠራው ባለቤት ጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል ቢሆንም፣ ሰይጣኑን ያስወጡት እነሱ ናቸው።

ከጅዳ፦ «ቤንዚን ውስጥ ዘይት መቀላቀል ግዴታ ነው?»

ሞተሩ ራሱ በትንሿ ፓምፑ ለሲሎቹ ዘይት ያጠጣል። ዘይት ይበላል የሚባለውም ለዚህ ነው፤ በሽታ አይደለም። ፓምፗን ካነሳሃት ግን እንደ ድሮ ቬስፓ የቱ ስትሮክ ዘይት ትቀላቅላለህ፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 8 ሚሊ ሊትር ገደማ። እኔ ፓምፗንም ትቼ ትንሽ እጨምራለሁ።

ከለንደን፣ ጡረታ የወጡ አባት፦ «1.3 ሊትር ሞተር 255 የፈረስ ጉልበት ሰጠ መባሉ ማጋነን አይደለም?»

አይደለም ጋሼ። ሁለት ሮተሮች በ654 ሲሲ፣ 1308 ይመጣልዎታል። ነገር ግን በዘንጉ እያንዳንዱ ዙር ሁለቱም ሮተሮች አንድ አንድ ጊዜ ያቃጥላሉ፤ የተለመደው ፒስተን ግን በሁለት ዙር አንዴ ነው። ስለዚህ ሥራውም ጥማቱም የ2.6 ሊትር ሞተር ነው። ቤንዚን ማደያ ቆመው ሲቀዱ አይጠራጠሩም።

ከሲያትል፦ «ባለቤቴ ሳሎኔን ጋራዥ አደረገው። ቁጥር የተጻፈባቸው ትናንሽ ፌስታሎች ጠረጴዛውን ሞልተውታል፤ ልንካው ስል ይጮሃል። አሁን ደግሞ ቫዝሊኔን ወሰደ። ጤነኛ ነው?»

እህቴ፣ በጣም ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ጥሩ ሠራተኛ ይመስለኛል። ሮተሩ ጎን ላይ የሚገቡት ቀጫጭን ሲሎች 12 ናቸው። እያንዳንዳቸው ለገቡበት ቦይ በሞረድ ተስተካክለው ከ0.05 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ብቻ ይተውላቸዋል። አንዱ ፌስታል ከሌላው ከተቀያየረ የሳምንት ሥራ ገደል ገባ። ስለዚህ ጠረጴዛውን አትንኪበት፤ ቡናውን ሌላ ቦታ አፍዪ።

ቫዝሊኑም እውነት ነው። ሲሎቹና ስፕሪንጎቻቸው ሞተሩ ሲዘጋ ከቦታቸው እንዳይወድቁ የሚይዛቸው እሱ ነው። ሁላችንም እንጠቀምበታለን። የራሱን ግዛ በይው እንጂ።

መጀመሪያ ሲያስነሳው ግን ያ ቫዝሊንና ዘይት ሁሉ ተቃጥሎ መንደሩን ጭስ ያለብሰዋል። ከደቂቃዎች በኋላ ይጠራል። መስኮት ዝጊ፣ ለጎረቤትም ቀደም ብለሽ ንገሪ። እኔ አልተናገርኩም ነበርና እሳት አደጋ ጠሩብኝ።