ንድፍ ከማውጣታችሁ በፊት ባለ አገሩን ጠይቁ

ልጆቼ፣ በተለይ አርክቴክቸርና የከተማ ፕላን የምታጠኑ፣ ካናዳ ቫንኩቨር የመሄድ ዕድል ከገጠማችሁ ስታንሊ ፓርክ ውስጥ ውሃው ዳር፣ ብሮክተን ፖይንት ላይ የቆሙትን ምሰሶዎች ሳታዩ አትመለሱ። ቶተም ፖል ይባላሉ። ቀይ ሴዳር ከሚባል ዛፍ ግንድ የተጠረቡ ናቸው። ንስሩ፣ ድቡ፣ ዓሣ ነባሪው እየተደራረበ የአንድን ቤተሰብ የዘር ሐረግና ክብር ይናገራል። ጠራቢዎቹ ብዙ ጊዜ የግንዱን ጀርባ ይቦረቡሩታል፤ ክብደቱ እንዲቀልና እንጨቱ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ። ቱሪስቱ ከፊት ፎቶ ይነሣል፣ እናንተ ግን ዞር ብላችሁ ጀርባውንም እዩ።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፓርኩ ውስጥ የቆሙት የመጀመሪያዎቹ ምሰሶዎች የመጡት ከሰሜን፣ አለርት ቤይ ከሚባል ስፍራ ነው። የቫንኩቨር ባለ አገሮች ግን ሙስኪየም፣ ስኳሚሽና ጽሌይል-ዋውቱት የተባሉ ነባር ሕዝቦች ናቸው። የእነሱ ወግ በቤት ምሰሶና እንግዳ በሚቀበል የሰው ቅርጽ እንጂ ብቻውን በሚቆም ቶተም አይታወቅም። መንደራቸውም እዚያው ነበር። ፓርኩ በ1888 ሲከፈት፣ በልተው የጣሉት የዘመናት የዛጎል ክምር ተዝቆ ለመንገድ ማንጠፊያ ዋለ፤ ነዋሪዎቹም ውሎ አድሮ ተነሡ። እነሱ በተነሡበት ምድር ላይ የሌላ ሕዝብ ጥበብ ተተከለ። ይባስ ብሎ ያኔ የካናዳ ሕግ፣ ምሰሶ የሚቆምበትን ፖትላች የተባለ ድግስ ከልክሎ ነበር፤ እገዳው እስከ 1951 ቆይቷል። ጥበቡ ለጌጥ ተፈለገ፣ ሥርዓቱ ወንጀል ሆነ።

በ2008 የሙስኪየሟ ሱዛን ፖይንት የሠራቻቸው ሦስት የሴዳር በሮች እዚያው ቆሙ። በ2009 ደግሞ የስኳሚሹ ሮበርት የልተን እናቱን ሮዝ ኮል የልተንን የሚዘክር ምሰሶ አቆመ፤ የቆመውም የቤተሰቧ ቤት በነበረበት ቦታ ፊት ለፊት ነው። እኔ ከሁሉም ይህን እወደዋለሁ። ሌላ ቦታ ቢተከል ግማሽ ትርጉሙ ይጠፋ ነበር።

እናንተም አንድ ቀን የሐይቅ ወይም የወንዝ ዳር መናፈሻ ይሰጣችኋል። አሠሪው ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ «እዚህች ጥግ ባህላዊ ነገር ጣል አድርጉበት» ይላችኋል። እሺ አትበሉ። መጀመሪያ ማን እዚያ ይኖር እንደነበር አጣሩ፤ ሽማግሌዎቹንና ባለሙያዎቻቸውን ካርታው ገና ባዶ ሳለ ጥሩ፤ ለምክራቸውም ክፈሉ፣ ሻይ ጋብዞ መሸኘት ክፍያ አይደለም።

ጥገናውንም አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት። የብሮክተን ፖይንት አሮጌ ምሰሶዎች ዝናብ ሲጎዳቸው ወደ ሙዚየም ተወስደው በምትካቸው አዲስ ተጠርቧል። በሰሜኑ ባህል ግን ያረጀ ምሰሶ ወድቆ አፈር እንዲሆን የሚተውበት ጊዜ አለ። ይጠገን፣ ይተካ ወይስ ይተው የሚለውን የሚወስነው ማን እንደሆነ ሥራው ሳይጀመር ውሉ ላይ አስፍሩት።