መልስ፦ ከሐዘን በኋላ ጸሎት ላቃታት እህት

እህቴ፣ «ባለቤቴን ከቀበርኩ ወዲህ በእግዚአብሔር እየተቆጣሁ መጸለይ ክህደት ነው ወይ?» ብለሻል። አይደለም። ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ረግሟል፤ በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው ግን በወዳጆቹ ላይ ነው (ኢዮ. 42፥7)። እነሱ መልካም የሠሩት 7 ቀን ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ ነበር። «በኃጢአትሽ ነው» የሚልሽን አትስሚ።

አሁን ዳዊትን በየዕለቱ ድርሻ ለመድገም አትነሺ። የሰኞው ብቻ 30 መዝሙር ነው፤ አንድ ቀን ሲቀርሽ ጸጸት ይመጣል፣ ከዚያ መጽሐፉ ይዘጋል። መዝሙር 12ን ብቻ ጠዋትና ማታ ድገሚ፤ አጭር ነው፣ «እስከ መቼ» እያለ ይጮኻል። ሲብስብሽ 87ን አንብቢ። እስከ መጨረሻው ቃል ከጨለማ አይወጣም፤ እሱም ጸሎት ነው። ለቅሶ ካቋረጠሽ አቡነ ዘበሰማያት ብለሽ ተይው።

ለፒያሳ ቅርብ ከሆንሽ ማለዳ ለኪዳን አራዳ ጊዮርጊስ ድረሺ። አፍሽ ባይከፈት እንኳ ሌላው ሲጸልይ ቁሚ።

ከባዱ ጊዜ ከአርባው በኋላ ነው፤ ጠያቂው ይቀራል፣ ቤቱ ጭር ይላል። ስለዚህ ከንስሐ አባትሽ ጋር ከዚያ በፊት ቀጠሮ ያዢ፤ ቁጣሽንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት ከራቀሽ ሐኪም ጋር ሂጂ፤ ሞትን ከተመኘሽ ደግሞ ዛሬውኑ። ጸበሉና ሕክምናው አይጣሉም።