«ያግኙን» ብላችሁ ጽፋችሁ የት ጠፋችሁ?

ለድርጅቶች ድረ ገጽ ስሠራ ዓመታት ተቆጥረዋል። ባለቤቶቹ ስለ መግቢያው ፎቶ ሳምንት ሙሉ ይከራከሩኛል፤ ወደ «ያግኙን» ስንደርስ ግን «እሱን እንደ ፈለግህ አድርገው» ይሉኛል። ደንበኛው ለመግዛት ሲቆርጥ የሚከፍተው እሱኑ ገጽ ነው። ስለዚህ ገጽ ብቻ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄዎቹና መልሶቼ እነሆ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የቤት ዕቃ መሸጫ አለኝ። አድራሻዬን «ቦሌ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ 03፣ የቤት ቁጥር አዲስ» ብዬ ጽፌአለሁ። ሰው ግን እየደወለ «የት ጋ ናችሁ?» ይለኛል።

መልስ፦ የጻፉት አድራሻ ለንግድ ፈቃድና ለደረሰኝ ይጠቅማል። «የቤት ቁጥር አዲስ» ይዞ ሱቅ ያገኘ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። በከተማችን ሰው የሚሄደው በምልክት ስለሆነ ለታክሲ ሾፌር እንደሚነግሩት አድርገው ይጻፉት፦ «ከ22 ማዞሪያ ወደ መገናኛ ሲሄዱ በስተቀኝ፣ ከነዳጅ ማደያው ቀጥሎ ያለው ሕንፃ፣ 2ኛ ፎቅ፣ ቁጥር 204»። ፎቁንና የበሩን ቁጥር አይርሱ፤ ሕንፃው ሥር ደርሶ የሚደውል ደንበኛ ብዙ ነው። ምልክቱንም በየጊዜው ይከልሱ። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ የፈረሰ ሕንፃን «ፊት ለፊት» እያለ የሚጠራ ገጽ አይቻለሁ።

ካርታውን በተመለከተ፣ ምልክቱን የሕንፃው መሐል ላይ ሳይሆን መግቢያው በር ላይ ያድርጉት። ትልቁን ተንቀሳቃሽ ካርታ ገጹ ውስጥ መክተት በደካማ ኔትወርክ ገጹን ያዘገየዋል፤ አንድ ትንሽ ምስልና ሲነኩት ካርታውን የሚከፍት ማገናኛ ይበቃል። ከዚያ ሰፈሩን የማያውቅ ዘመድዎን ገጹን ብቻ አስይዘው ይላኩት። ከደወለልዎ አድራሻው ገና አላለቀም።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር አስጎብኚ ነኝ። የሥራ ሰዓታችን «2:30 – 11:30» ተብሎ ተጽፏል። ፈረንጆቹ በእኩለ ሌሊት ይደውሉልኛል።

መልስ፦ ምን ያድርጉ፣ እርስዎ በጻፉት ነው የደወሉት! 11:30ን የሚያነቡት ከእኩለ ሌሊት ግማሽ ሰዓት በፊት አድርገው ነው። የአማርኛው ገጽ «ከጠዋቱ 2:30 እስከ ቀኑ 11:30» ይበል፤ የእንግሊዝኛው ደግሞ በእነሱ አቆጣጠር ከጠዋቱ 8:30 እስከ ከሰዓት 5:30 ብሎ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት መሆኑን ይጨምር። እኛ ሰዓት አንቀይርም፤ ዋሽንግተን ግን ይቀይራል። ስለዚህ ልዩነታችን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው።

ስልኩንም እግረ መንገድዎን ይመልከቱት። ከውጭ የሚደውል ሰው 251 ካለ በኋላ ዜሮዋን መተው አለበት፤ «+2510911…» ብሎ የጻፈ ድርጅት የሚደርሰው ጥሪ የለም። ቁጥሩ በምስል ውስጥ የተጻፈ ሳይሆን ሲነኩት የሚደውል ጽሑፍ ይሁን።

ጥያቄ፦ ደንበኛው ሞልቶ መልእክት በሚልክበት ቅጽ ላይ ስንት ጥያቄ ላድርግ?

መልስ፦ ስም፣ ስልክ ወይም ኢሜይል፣ መልእክት። ሌላውን ሲነጋገሩ ይጠይቁታል። ስሙን ግን በአንድ ሳጥን ይቀበሉ። ከውጭ የተቀዱት ቅጾች «የቤተሰብ ስም» ካልሞላህ አላልፍም ይላሉ፤ ሰውየው የአባቱን ስም ይጽፋል፣ ከዚያ መልሱ «ውድ አቶ ከበደ» ተብሎ ለአባቱ ይደርሳል። የስልኩ ሳጥንም 09ንም፣ 07ንም፣ +251ንም ክፍተት ያለውንም ይቀበል። ሳፋሪኮም በ2022 እ.ኤ.አ. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ 07 የተለመደ ቁጥር ነው፤ ዛሬም «የተሳሳተ ቁጥር» የሚሉ ቅጾች ግን አሉ።

ጥያቄ፦ በአማርኛ የሚጻፍልን መልእክት «????» ሆኖ ይመጣል።

መልስ፦ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ መዝገብ) ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የፊደሉ አይደለም። መልእክቱ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ወይም ከእሱ ጋር ያለው ግንኙነት ለላቲን ፊደል ብቻ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ባለሙያው ገጹንም፣ ዳታቤዙንም፣ ኢሜይሉንም ዩቲኤፍ-8 ወደሚባለው፣ የዩኒኮድን ፊደላት ሁሉ ወደሚይዘው አጻጻፍ ይቀይራቸው። አንዴ ጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠው ግን አይመለስም፤ እነዚያን ሰዎች ስልካቸው ካለ ደውለው ይቅርታ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የእኛ ጭራሽ አይደርስም። ደንበኛው «ልኬ ነበር» ይላል፣ እኛ ዘንድ ምንም የለም።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ እየጠበቅሁት ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ቅጹ የደንበኛውን ኢሜይል የላኪ አድራሻ አድርጎ ስለሚልክ ነው። ደንበኛው ጂሜይል ካለው ሰርቨራችሁ «እኔ ጂሜይል ነኝ» ብሎ እየዋሸ ነው፤ ተቀባዩም ማንነቱን ሲያጣራ ይደርስበትና ወይ ወደ ቆሻሻ ሳጥን ይጥለዋል፣ ወይ ጨርሶ አይቀበለውም። ላኪው በራሳችሁ ዶሜይን (በድረ ገጻችሁ ስም) ያለ አድራሻ ይሁን፤ የደንበኛው ኢሜይል መልስ የሚላክበት አድራሻ ሆኖ ይግባ። ኢሜይሉ በእውነት ከእናንተ መሆኑን ተቀባዩ የሚያጣራባቸው ኤስፒኤፍ እና ዲኪም የተባሉት መዝገቦች ለዶሜይናችሁ መኖራቸውንም አስጠይቁ። መልእክቱ ድረ ገጹ ውስጥም ቅጂ ይኑረው፤ ኢሜይሉ ቢጠፋ እሱ ይተርፋል።

ሁለተኛው ምክንያት ቴክኒክ አይደለም። ባለፈው ክረምት የውኃ ፓምፕ ፈልጌ ለአንድ አስመጪ በቅጹ ጻፍሁ። «መልእክትዎ ደርሶናል፤ በቅርቡ እንደውላለን» አለኝ። አምስት ቀን ጠብቄ ከሌላ ገዛሁ። በኋላ አንድ ሠራተኛቸው እንደ ነገረኝ፣ መልእክቱ ይገባበት የነበረው ሳጥን ከሥራ የለቀቀ ልጅ የኢሜይል ሳጥን ነበር። ማንም አልከፈተውም። «በቅርቡ» ከማለት «በሥራ ቀን በ24 ሰዓት ውስጥ» ማለት ይሻላል፤ የማትችሉት ከሆነ ግን አትጻፉት። በየሰኞው ጠዋት ራሳችሁ አንድ መልእክት ላኩና ማን እንደሚመልስላችሁ እዩ።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ካለን ቅጽ ምን ያደርግልናል? ደንበኞቻችን እዚያው ነው የሚጽፉልን።

መልስ፦ ደንበኛችሁ እዚያ ከሆነ ቴሌግራሙን ከላይ፣ ቅጹን ከታች አድርጉ፤ የውጭ ገዢና መሥሪያ ቤት ግን ኢሜይል ይፈልጋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሲም ካርዱ የማን ነው የሚለው ነው። የሽያጭ ሠራተኛዋ የግል ቁጥር ላይ የተከፈተ አካውንት፣ እሷ ሥራ ስትቀይር ደንበኞቹን ይዞ ይሄዳል። እሷን መውቀስ አይቻልም፤ ቁጥሩ የራሷ ነው። በድርጅቱ ስም ሲም ካርድ አውጡ።

ጥያቄ፦ በቅጹ በኩል የማይረባ ማስታወቂያ ይጎርፍብናል። ያንን ሰውን ከሮቦት ለመለየት «የትራፊክ መብራት ያለበትን ምረጥ» የሚለውን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ለሰው የማይታይ ባዶ ሳጥን ቅጹ ውስጥ ያስገቡ። ሰው አይሞላውም፤ ሮቦቱ ያገኘውን ሁሉ ስለሚሞላ ራሱን ያጋልጣል። ያ ካልበቃ የትራፊክ መብራቱን ያምጡት።

ጥያቄ፦ የደንበኛን የፋይዳ ቁጥር በቅጹ ብንጠይቅ ችግር አለው?

መልስ፦ ዋጋ ለሚጠይቅ ሰው መታወቂያ ምን ያደርግለታል? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰበሰባችሁት መረጃ ኃላፊነቱም የእናንተ ነው። የማትጠቀሙበትን አትሰብስቡ።

ጥያቄ፦ የገጹ ስም «ያግኙን» ይሁን «አግኙን»?

መልስ፦ «አድራሻና ስልክ» በሉት።