የተተከለልሽን የጥርስ ብሎን ስም በወረቀት ሳትይዢ ከክሊኒኩ እንዳትወጪ

ሰላም እህቴ። የታችኛው መንጋጋ ጥርስሽ ከተነቀለ ሁለት ዓመት እንዳለፈው፣ አንዱ ሐኪም «ኢምፕላንት ይተከል፤ ግን አጥንት መጨመር አለበት» እንዳለሽ፣ ሌላው ደግሞ «ብሪጅ ይበቃሻል» ብሎ እንዳደናገረሽ ጽፈሻል። ኢምፕላንት ማለት መንጋጋ አጥንት ውስጥ በሚተከል ብሎን ላይ የሚቆም ጥርስ ነው፤ ብሪጅ ደግሞ ግራና ቀኝ ባሉት ጥርሶች የሚያዝ። ከላይ «ጥሩ ሐኪም ምረጪ» ብለው የመለሱልሽን አየሁ። መጥፎውን ማን ይመርጣል? እኔ በዚሁ ጥርስ፣ በዚሁ ቦታ ያለፍኩበትን ልንገርሽ። ረዘም ይላል፤ ታገሺኝ።

1. ብሪጅ ወይስ ኢምፕላንት? ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶችሽ ጤነኛ ናቸው ብለሻል። ብሪጅ ሲሠራ እነዚያ ሁለት ጤነኛ ጥርሶች ተሞርደው የጎደለውን እንዲሸከሙ ይደረጋል፤ የተሞረደ ጥርስ ደግሞ ተመልሶ አያድግም። እኔ ብሆን አላስነካቸውም። ድሮውንም ተሞልተው የደከሙ፣ ክራውን (ከላይ የሚለብስ ሰው ሠራሽ ጥርስ) የሚፈልጉ ቢሆኑ ሌላ ነገር እልሽ ነበር። በዚህ ላይ ብዙ አልጨምርም።

2. አጥንቱን አትናቂው። ጥርስ ሲነቀል ይዞት የነበረው አጥንት ሥራ ይፈታና ይመነምናል። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ስፋቱ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው የሚሄደው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። እኔ «ከኋላ ነው፤ ማን ያየዋል» እያልኩ 4 ዓመት አስቀመጥኩት። በ4 ዓመት ውስጥ የኋላው ጥርስ ወደ ክፍተቱ ተጋደመ፤ ከላይ ያለውም የሚገጥመው ሲያጣ ቁልቁል መውረድ ጀመረ። አንዱ ክሊኒክ ጠፍጣፋውን ራጅ ብቻ አይቶ «አጥንቱ በቂ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንትከል» አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ልስማማ ነበር! ጠፍጣፋ ራጅ ቁመቱን እንጂ ውፍረቱን እንደማያሳይ የነገረኝ ሁለተኛው ሐኪም ነው። በሁሉም አቅጣጫ የሚያሳየውን የመንጋጋ ሲቲ ስካን አስነሣኝና ስናየው የአጥንቱ አናት እንደ ቢላ ስል ሆኗል። ከሥሩ ደግሞ ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ያልፋል፤ ብሎኑ ከእሱ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ርቆ መቆም አለበት። ነርቩ ከተነካ ከንፈርሽ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው ሊደነዝዝ ይችላል። ስለዚህ «አጥንት ይጨመር» ያለሽን ሐኪም ገንዘብ ፈላጊ ነው ብለሽ አትሽሺው። ሲቲ ስካኑን አብረሽ እይና በጣቱ እንዲያሳይሽ ጠይቂው። የሚጨመረው ከራስሽ አጥንት፣ ተዘጋጅቶ ከተጣራ የከብት አጥንት ወይም ሰው ሠራሽ ሊሆን ይችላል። ምን እንደሆነ የማወቅ መብት አለሽ፤ ጠይቂ። እኔን 5 ወር ጨመረብኝ፤ አልተጸጸትኩም።

3. የምትወስጂውን መድኃኒት ሁሉ ተናገሪ። ስኳር ካለብሽ፣ ከምንም በላይ ደግሞ ለአጥንት መሳሳት እንደ አሌንድሮኔት ያለ መድኃኒት ወስደሽ የምታውቂ ከሆነ፣ ሳይጠይቁሽ ንገሪያቸው። ይህ መድኃኒት የመንጋጋ ቁስል እንዳይድን ሊያደርግ ይችላል። የምታጨሺ ከሆነ ማቆም እንዳለብሽ ራስሽም ታውቂዋለሽ።

4. ለመጻፍ ያነሣሣኝ ግን ይህኛው ነው።

ኢምፕላንት አንድ ወጥ ነገር እንዳይመስልሽ። አጥንት ውስጥ የሚገባ የታይታኒየም ብሎን አለ፤ በላዩ አባትመንት የሚሉት ማያያዣ ይቆማል፤ ከዚያ ነው የሚታየው ጥርስ፣ ክራውኑ፣ የሚመጣው። ማያያዣውን ከታችኛው ጋር የሚያስር ሌላ በጣም ትንሽ ብሎን ደግሞ በመሐል አለ። የእኔን ጉድ ያፈላው ያ ትንሹ ነው።

ተከላው ራሱ ከመነቀሉ የቀለለ ነበር። አጥንቱ እስኪይዘው 4 ወር ጠበቅኩ፣ ክራውኑ ተገጠመ፣ ከዚያ ለሁለት ዓመት ተኩል መኖሩንም ረሳሁት። አንድ ቀን ጠዋት ጥርሴን ስቦርሽ ነቅነቅ አለ። ላብ አጠመቀኝ። «በቃ፣ ያ ሁሉ ልፋት ውሃ በላው» ብዬ በቀጥታ ወደ ተከሉልኝ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ለቅቋል። እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣

«ወዴት እንደሄደ አናውቅም።»

«እሺ፣ ፋይሌን ስጡኝና ሌላ ሐኪም ይየው።»

«ፋይል ለታካሚ አይሰጥም።»

«የኢምፕላንቱን ስም ብቻ ንገሪኝ።»

«እሱን ሐኪሙ ነው የሚያውቀው።»

ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው «ፋይሉ ሊገኝ አልቻለም» አሉኝ። አጥንቴ ውስጥ ያለው የእኔ፣ የከፈልኩበት የእኔ፣ ስሙ ግን የእነሱ!

ሌላ ክሊኒክ ስሄድ የሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄ «የየትኛው ፋብሪካ ነው?» የሚል ሆነ። አየሽ፣ ኢምፕላንት የሚያመርቱ ፋብሪካዎች በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። የአንዱ ብሎን ለሌላው አይሆንም፤ መፍቻውም እንደዚያው ነው። የአንዱ ባለ ስድስት ማዕዘን፣ የሌላው ባለ አራት፣ የሌላው የኮከብ ቅርጽ ነው። ቤትሽ ያለው ካቻቢቴ ለሁሉም ብሎን እንደማይሆነው ማለት ነው። የእኔ ክራውን ደግሞ ከማያያዣው ጋር በሲሚንቶ የተጣበቀ ስለነበር፣ ትንሹ ብሎን ጋ ለመድረስ መሐሉን መብሳት ግድ ሆነ። ሐኪሙ «ስሙን ሳናውቅ ባንነካው ይሻላል» ብሎኝ ነበር። «በሚቀራረበው ይሞከር» ብዬ የጨቀጨቅኩት እኔው ነኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። መፍቻው ተንሸራተተና የብሎኑን ራስ ላጠው። አሁን መጥበቅም መፈታትም የማይችል ብሎን ይዤ፣ መሐሉ የተበሳ ጥርስ ታቅፌ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ያዳነችኝ ሦስተኛዋ ሐኪም ናት። ቀጥ ያለ ራጅ አነሣችኝና አጥንት ውስጥ ያለውን ብሎን ጥርስ አወራረድ፣ የአንገቱን ቅርጽ፣ የጫፉን ክብ ከተለያዩ ፋብሪካዎች ሥዕል ጋር እያስተያየች ለየችው። የተላጠውን በጥንቃቄ ሰርስራ አወጣችው፤ ዕቃው ታዘዘ፤ ማያያዣውና ክራውኑ እንደገና ተሠሩ። በቅጡ ቢሆን ደቂቃዎች የሚፈጅ የማጥበቅ ሥራ 3 ወርና የሁለተኛ ክራውን ዋጋ አስወጣኝ።

የታችኛው ብሎን ግን በዚህ ሁሉ ንቅንቅ አላለም። ይህን ሳልናገር አላልፍም። እንቅልፍ ባጣሁባቸው ሌሊቶች ስለ ታይታኒየም ሳነብ ነበር። በርኔማርክ የተባለው ስዊድናዊ ተመራማሪ በ1950ዎቹ ጥንቸል እግር ውስጥ ለሌላ ጥናት ያስገባውን የታይታኒየም ዕቃ መልሶ ሊያወጣው ሲል አጥንቱ አልለቅ አለው። ለጥርስ መሆኑ የመጣው ከዚያ ነው። በ1965 የተተከለለት የመጀመሪያው ታካሚ ከ40 ዓመት በላይ ተጠቅሞበታል። እንግዲህ አንድ ነገር ሲነቃነቅብሽ እንደ እኔ አትደንግጪ። ክራውኑ ብቻ ከተነቃነቀ ብዙውን ጊዜ የላላው ትንሹ ብሎን ነው፤ በዚያ በኩል አታኝኪ፣ ቶሎ ታይ፣ ካዘገየሽው ሊሰበር ይችላል። የታችኛው ራሱ የሚነቃነቅ ከሆነ ግን አጥንቱ አልያዘውም፤ ይወጣል እንጂ አይጠብቅም።

ስለዚህ ገና ቅድሚያ ክፍያ ሳትከፍዪ እንዲህ በያቸው፦ የኢምፕላንቱን ፋብሪካ፣ ሞዴል፣ ውፍረትና ርዝመት፣ የምርት ቁጥሩንም የያዘ ካርድ እፈልጋለሁ። ኢምፕላንቱ ታሽጎ ሲመጣ እየተላጠ የሚለጠፍ ጽሑፍ አብሮት ይኖራል፤ አንዱን ፋይል ላይ፣ አንዱን ያንቺ ካርድ ላይ መለጠፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። «ምን ያደርግልሻል?» የሚል ካለ ተነሥተሽ ውጪ። የሲቲ ስካኑንም ቅጂ ተቀበዪ። ክራውኑ ደግሞ የሚቻል ከሆነ በሲሚንቶ ሳይሆን በብሎን የሚታሰር ይሁንልሽ፤ አንድ ቀን መፈታት ቢኖርበት ሳይሰበር ይፈታል። ከዚህም ሌላ ድድ ሥር ተርፎ የሚቀር ሲሚንቶ ድዱን የማስቆጣት ጠባይ አለው።

5. ጽዳት። የተተከለ ጥርስ አይበሰብስም፤ በዙሪያው ያለው ድድና አጥንት ግን ይታመማል፣ ያውም ብዙ ጊዜ ሳያምሽ። ሲደማ ካየሽ አትጠብቂ። በክርም ሆነ በትንሿ ብሩሽ መሐል መሐሉን አጽጂ። ሌሊት ጥርስ የምታፋጪ ከሆነ የሌሊት መከላከያ አሠሪ፤ የእኔን ብሎን ያላላውም እሱ ሳይሆን አይቀርም ብላኛለች ሐኪሟ።

የእኔ ካርድ አሁን ከመታወቂያዬ ጋር ነው፤ ፎቶውም ስልኬ ላይ አለ። ለወንድሜ ሲተከልለትም እኔው አብሬ ሄጄ ካርዱን በእጄ ነው የተቀበልኩት።

አዎ፣ ሳልረሳው፦ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ከዚያው ከተከሉልኝ ክሊኒክ «ውድ ደንበኛችን፣ የጽዳት ቀጠሮዎ ደርሷል» የሚል መልእክት መጥቶልኛል። ስልክ ቁጥሬ ያለበት ፋይል አልጠፋም ማለት ነው።