የትኛውን አዲስ ተውኔት እናሳይ? ከድሬና ከሐረር ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሰላም ለድሬና ለሐረር ልጆች። የጀማሪ ጸሐፌ ተውኔቶችን ድርሰት እያነበብኩ ለመድረክ ይሆናል ያልኩትን ለቴአትር ቡድኖች እጠቁማለሁ። ሰሞኑን "ምን እናሳይ?" የሚለው ጥያቄ ስለበዛ አንድ ላይ ልመልስ። የጸሐፊዎቹን ስም ያልጠራሁት ፈቃድ ስላልጠየቅኳቸው ነው። ድርሰቱን የፈለገ ቡድን ካለ ግን አገናኛለሁ።

ጥያቄ፦ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው ያለነው። አራት ተዋናይ አለን፣ ደህና መብራት የለንም። አንድ ብቻ ምረጥ ብትባል የቱን ትላለህ?

መልስ፦ የባቡር ጡረተኛውን። ሦስት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ሌሊት። ጸሐፊዋ የድሬው የከዚራ ሰፈር ልጅ ናት። ድሬ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ስለሆነች ስለ ባቡር ብዙ ተወርቷል፤ ይሄ ግን ትዝታ ብቻ አይደለም። አባትየው ዕድሜውን በምድር ባቡር የጨረሰ ሰው ነው፣ ልጁ ደግሞ ሳትነግረው ቤቱን ልትሸጥ ነው። ሁለተኛው ትዕይንት ላይ የድሮ የደንብ ልብሱን በከሰል ካውያ ትተኩስለታለች። እሱ ስለ ኮሌታው ይነዘንዛታል፣ እሷ ዝም ብላ ትተኩሳለች፣ ስለ ቤቱ አንዲት ቃል አይወጣም። ካውያው በቀዘቀዘ ቁጥር ግን ፍሙን የምታራግብበት ወረቀት የሽያጩ ውል መሆኑን ተመልካቹ ያያል፣ አባትየው አያይም። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ድሬ ውስጥ እያለ መድረክ ማጣቱ ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ ሰው ለማያውቀው ጸሐፊ ገንዘብ ይከፍላል? ከአዲስ አበባ የታወቀ ተውኔት ብናስመጣ አይሻልም?

መልስ፦ የታወቀውም ይምጣ፣ አልቃወምም። ግን አብዛኛው ሰው የሚመጣው በቴሌቪዥን የሚያውቀውን ፊት ለማየት ነው፣ ቡድኑ ሲሄድ አዳራሹ ተመልሶ ባዶ ይሆናል። የራሳችን ተውኔት ሰው የሚጠራው በሰፈር ወሬ ነው። "ያ ጡረተኛ የኛን ጎረቤት አይመስልም?" የተባለ ዕለት ማስታወቂያ አያስፈልጋችሁም። ደግሞ ለአማርኛ ተውኔት በር የከፈቱት የ"የአውሬዎች ኮሜዲያ መሳለቂያ" ደራሲ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ሐረር፣ ራስ መኮንን ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። እሳቸውም ያኔ በቴአትር ጀማሪ ነበሩ። የሹማምንቱን ብልሹነት በእንስሳት ተረት አሳዩ፣ ታገደባቸው፤ ሥራው ግን እስከ ዛሬ ይነሳል።

ጥያቄ፦ ገጸ ባህርያቱ ኦሮምኛና ሶማልኛ እየቀላቀሉ ቢያወሩ ተመልካች ግራ አይገባውም?

መልስ፦ ድሬ ላይ? አቦ ተዉ እንጂ! ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ስንገዛ በስንት ቋንቋ ነው የምንከራከረው? እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የሶማሌውን ወይም የኦሮሞውን አነጋገር ለማሳቂያ ብቻ ያስገባ ድርሰት ከመጣልኝ ለማንም አልጠቁመውም። ሰውየው አጥብቆ የሚፈልገው ነገር ይኑረውና በቋንቋው ይጠይቅ፣ ተመልካቹ ከሁኔታው ይረዳዋል።

ጥያቄ፦ ሐረር ነን፣ አዳራሽ አጣን። ጁገል፣ በግንቡ በታጠረው አሮጌ ከተማ ውስጥ ምን ማሳየት ይቻላል?

መልስ፦ የሐረሪ ባህላዊ ቤት ራሱ መድረክ እኮ ነው። ከፍና ዝቅ ያሉት ነደባዎች፣ ማለትም የመቀመጫ መደቦቹ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር ይለያሉ። አንድ የሐረር ልጅ በዚህ ላይ የአንድ ገቢር ተውኔት ጽፏል። አባት ሞተዋል፣ ሦስት ወንድማማቾች ቤት ውስጥ ቆመዋል። የአባታቸው ቦታ ላይ ማን ይቀመጥ? ስለ ሻዩ፣ ስለ ለቅሶው ወጪ፣ ከውጭ ስለመጣው ታናሽ ወንድም ሻንጣ ያወራሉ እንጂ አንዱም ደፍሮ አይቀመጥም። መጨረሻ ላይ የምትቀመጠው እስከዚያ ድረስ ሻይ ስታመላልስ የነበረችው እህታቸው ናት። ባለቤቶቹን አስፈቅዳችሁ እውነተኛ ቤት ውስጥ፣ ለሃያ ለሠላሳ ሰው አሳዩት። ትልቅ አዳራሽ ከገባ ይሞታል።

ጥያቄ፦ መቶ ገጽ ድርሰት ሲመጣልን ጥሩውን እንዴት እንለይ?

መልስ፦ በዓይን ብቻ አታንብቡት። ተዋናዮቹን ሰብስባችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ምላስ ላይ የሚደናቀፍ ቃለ ተውኔት እዚያው ይጋለጣል። ከዚያ "ይሄ ሰው አሁን ምን ይፈልጋል? ማን ከለከለው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ድርሰቱ ገና ነው። ብዙ ጀማሪ ለዘመቻ የሚሠራ ቴአትር እያየ ስላደገ መጨረሻ ላይ አንዱ ገጸ ባህርይ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ይመክራል። በየመን በኩል ስለሚደረገው ስደት ያነበብኩት አንድ ሥራ ግን ምክር የሚባል የለበትም። ስልክ ይጠራል፣ እናትየው ደላላው መሆኑን አውቃለች፣ አታነሳም። ቡና የምታፈላው ጎረቤቷ "አንሺው እንጂ" ስትላት "ካነሳሁት ብሩን ይነግረኛል" ትላለች። ሴት ተዋናይ የሚበዛባችሁ ቡድኖች ይሄን ውሰዱ።

ጥያቄ፦ ኮሜዲ ወይስ ትራጄዲ?

መልስ፦ ቡድናችሁ አዲስ ከሆነ ኮሜዲ። ሳቅ አዳራሹን ቶሎ ያሞቃል።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ስለሆነ ሳንከፍለው ብናሳይስ? ስሙ ይተዋወቅለት የለ?

መልስ፦ አይሆንም! በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራውን ለሕዝብ እንዲታይ መፍቀድ የደራሲው መብት ነው። ጥበቃው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል፣ ጀማሪና አንጋፋ ብሎ አይለይም። ገንዘብ ከሌላችሁ ከትኬቱ ገቢ ድርሻ ስጡት፣ ግን በጽሑፍ ይሁን፤ ስንት ጊዜ እንደሚታይ፣ የት እንደሚታይ፣ ቃል መቀየር ቢያስፈልግ ማን እንደሚወስን ይግባበት። ሳይነግሩት መጨረሻውን ቀይረውበት መጻፉን እርግፍ አድርጎ የተወ ልጅ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ ጸሐፊ ነኝ። ድርሰቴን ይዤ ቢሮ ለቢሮ ዞሬ አንባቢ አጣሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ከቢሮ በፊት ተዋናይ ፈልጊ። አምስት ሰው ቤትሽ ጠርተሽ፣ ቡና አፍልተሽ ያንብቡልሽ። አንቺ አታንብቢ፣ አታስረጂም፤ የሰለቹበትን ቦታ ብቻ ምልክት አድርጊ። ካስተካከልሽው በኋላ ታሪኩን፣ የተዋናዩን ብዛት፣ የሚፈጀውን ሰዓትና ስልክሽን በአንድ ገጽ ጽፈሽ ከፊት አያይዢው። ሥራ የበዛበት አዘጋጅ መቶውን ገጽ ከመጀመሩ በፊት እሱን ያያል። በቴሌግራም ስትልኪ ስምሽና ቀኑ በየገጹ ይኑር።

ጥያቄ፦ ልምምድ ላይ ጸሐፊው ይገኝ ወይስ ይቅር?

መልስ፦ ንባቡና የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ይገኝ፣ አልገባ ያለ መስመር ካለ እዚያው ያስተካክላል። ተዋናዮቹ ተነስተው መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ለአዘጋጁ ይልቀቅለት። ሳታቋርጡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መሥራት ስትጀምሩ መልሳችሁ ጥሩት። ያን ቀን ያለውን አስተያየት ግን ለአዘጋጁ ይንገር እንጂ በቀጥታ ለተዋናዮቹ አይናገር።