ማራቶን፣ ሰንበትና ዓቢይ ጾም፦ ለአንዲት ሯጭ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ ጋር ይሁን። የማራቶን ሯጭ፣ ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። ረጅሙን ልምምድ ሱሉልታ የምንሠራው እሑድ ማለዳ ስለሆነ ካስቀደስሁ ቆይቻለሁ። በዓቢይ ጾም ደግሞ በሳምንቱ መካከል ከከባድ ልምምድ በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ስለማልችል ረፋዱ ላይ የጾም ምግብ እበላለሁ፤ ይህንንም ለንስሐ አባቴ አልተናገርሁም። ልጃችንን ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው ባለቤቴ ነው። እናቴ «ሩጫው ከእግዚአብሔር አራቀሽ» እያለች ታዝናለች። ይሁን እንጂ ወላጆቼንና ወንድሞቼን የምረዳው በዚሁ ሥራ ነው። ማቆም ይገባኛልን?

መልስ፦ በጌታ የተወደድሽ እኅቴ ሆይ፣ ማቆም አይገባሽም። በላብ የሚገኝ እንጀራ ነውር የለበትም። ቅዱስ ጳውሎስም በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 9 ስለ ክርስቲያን ተጋድሎ ሲያስተምር ምሳሌ ያደረገው ሯጩን ነው፤ የሚታገል ሁሉ በነገር ሁሉ ሰውነቱን እንደሚገዛ ካስረዳ በኋላ፣ እነርሱ የሚጠፋውን አክሊል፣ እኛ ግን የማይጠፋውን እንደምንሻ ይናገራል። ከጥያቄሽ እኔን አብልጦ ያሳሰበኝ ለንስሐ አባትሽ አለመናገርሽ ነው። ሥርዓቱን ለብቻሽ አቃልለሽ ለብቻሽ ትጨነቂያለሽ፤ ይህ ሸክም ደግሞ በጾሙም በሩጫውም ላይ ተጨምሮ ያደክምሻል።

በመጀመሪያ ሰንበትን እንመልከት። በርሊን፣ ለንደን፣ ቺካጎና ኒውዮርክ ማራቶናቸውን የሚያካሂዱት እሑድ ነው፤ ቀኑን አንቺ አልመረጥሽውም። ይሁን እንጂ ማራቶን የሚሮጥ ሰው በዓመት ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ በላይ እምብዛም አይወዳደርም። ስለዚህ ከቅዳሴ ያራቀሽ በየሳምንቱ የሚደጋገመው ልምምድ ነው፤ እርሱንም የመደቡት ሰዎች ናቸውና ሰዎች ሊያዛውሩት ይችላሉ። ከባልንጀሮችሽ መካከል ማተብ ያሰሩ ብዙዎች እንደሚኖሩ አልጠራጠርም፤ አንድ ሆናችሁ አሠልጣኛችሁን በአክብሮት ብትጠይቁ እንደማያሳፍራችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ቀዳሚትም ሰንበት መሆኗን ሳልዘነጋ፣ ረጅሙ ሩጫ ወደ ቅዳሜ ማለዳ ቢዛወር እላለሁ፤ ይህን የምልበት ምክንያት ከጾሙ ጋር የተያያዘ ነው። በዓቢይ ጾም ቅዳሜና እሑድ ከጥሉላት፣ ማለትም ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ብንከለከልም፣ ከቀዳም ሥዑር (ከፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ) በቀር እስከ ዘጠኝ ሰዓት የመቆየት ሥርዓት የለባቸውም፤ ሩጫው ወደ ሥራ ቀን ቢዛወር ግን ከሰዓቱ ጾም ጋር ይጋጭብሻል። አሠልጣኙ ፈጽሞ እንቢ ያለ እንደሆነ፣ እሑድ ማታ ከባለቤትሽና ከልጅሽ ጋር በሠርክ ጉባኤ ተገኚ፤ በወር የሚመጡትን በዓላት ተከትለሽም በዕረፍት ቀንሽ አስቀድሺ።

ጾሙን በተመለከተ፣ የቤተ ክርስቲያን የሕግ መጽሐፍ የሆነው ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 የጾምን ዓላማ ሲገልጽ የሥጋ ፈቃድ ደክሞ ለነባቢት ነፍስ እንዲታዘዝ መሆኑን ያስተምራል። ከጥሉላት መከልከል አንድ ነገር፣ በሰዓት መቆየት ሌላ ነገር መሆኑን ለይተሽ ማወቅ አለብሽ። የመጀመሪያውን ለማፍረስ ሩጫሽ ምክንያት የሚሆን አይመስለኝም፤ በሶው፣ ምስሩ፣ ሽሮው፣ ባቄላው፣ ለውዙና ተልባው ለአገራችን ሯጭ እንግዳ አይደሉም። የሰዓቱ ጾም ግን እውነተኛ ችግር ነው። ንጋት ላይ ለረጅም ሰዓት ሮጣ ላቧ የተንጠፈጠፈ ሴት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳትቀምስ ብትቆይ ሰውነቷን ትጎዳለች፤ ይህንንም ዕለት ዕለት ብታደርገው ሕመም ላይ ትወድቃለች። እኔ ለአንቺ የማስበው በከባድ ልምምድ ቀን ሰዓቱ እንዲቀንስልሽ፣ በቀላል ልምምድና በዕረፍት ቀን ግን እንደ ማንኛውም ምእመን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንድትቆዪ ነው። ነገር ግን ይህን በጽሑፍ የመወሰን ሥልጣን የለኝም፤ የሚወስኑልሽ ኃጢአትሽንም ድካምሽንም የሚያውቁት የንስሐ አባትሽ ናቸው። በምትኩ ምጽዋት ወይም ተጨማሪ ጸሎት ቢያዙሽ በደስታ ተቀበዪ።

ስለ ቅዱስ ቁርባን አልጠየቅሽኝም፤ ሆኖም ልተወው አልችልም። ከመቁረብ በፊት 18 ሰዓት ከምግብና ከውኃ መከልከል የታዘዘ ስለሆነ ብዙ ሯጮች «ሩጫውን ሳቆም» እያሉ ለዓመታት ያዘገዩታል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ከማራቶን በኋላ ሰውነትሽ እንዲያገግም ልምምድ የምታቆሚባቸው ሳምንታት አሉ። ከባለቤትሽ ጋር ንስሐ ገብታችሁ የምትቆርቡበት ጊዜ እርሱ ይሁን።

ባለቤትሽ ልጃችሁን ቤተ ክርስቲያን በመውሰዱ አንቺን እየተካልሽ ነውና ይህን ውለታ እንደ ተራ ነገር አትቁጠሪው። ከውድድር ስትመለሺ ቤቱ ያንቺን ድካም ብቻ የሚያስታምም እንዳይሆን፣ እርሱም የሚያርፍበትን ቀን ስጪው። ወላጆችሽን መርዳትሽም ከአምልኮ የተለየ አይደለም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታ የገሠጻቸው ሰዎች «ቁርባን ነው» በሚል ሰበብ አባትና እናት እንዳይረዱ ያደረጉ ነበሩና፣ አሥራትሽን ስታወጪ የእናትሽ ድርሻ አይጓደል። የሩቅ ዘመድ ሁሉ ከሽልማትሽ ሲጠብቅ ግን ልኩን ከባለቤትሽ ጋር ወስኑ፤ እርሱ ሳያውቅ የሚሰጥ ገንዘብ ለጽድቅ ቢሆን እንኳ ቤት ያናጋል። እናትሽን በክርክር አትመልሻት፤ ካስቀደስሽ በኋላ ጸበልና እመነት ይዘሽ ብትጠይቂያት ኀዘኗ ይቀላል።

የዘመን አቆጣጠሩንም አስቀድመሽ ማየት ይጠቅምሻል። በ2014 ዓ.ም. የቦስተን ማራቶን በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ዋለ፤ በ2015 እና በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፋሲካ ማግስት ሆነ። ታምራት ቶላ በፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘው ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ነበር። ውድድርሽ ከሰሙነ ሕማማት ወይም ከፋሲካ ጋር የሚገናኝበት ዓመት ሲገጥምሽ የስቅለት ስግደት መጠን ስንት እንደሚሆን፣ በየትኛው አገር በየትኛው ደብር እንደምትሰግጂና አክፍሎት (ከሰሙነ ሕማማት መጨረሻ እስከ ትንሣኤ ያለ ምግብ መቆየት) ትይዢ እንደሆነ ከጉዞው በፊት መታወቅ አለበት፤ አክፍሎት እንደ አቅም የሚያዝ ነውና። ስለዚህ ሥራ አስኪያጅሽ የዓመቱን ውድድሮች በነገረሽ ሳምንት የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት አቆጣጠር አጠገቡ አድርገሽ፣ ከባለቤትሽ ጋር ወደ ንስሐ አባትሽ ሂዱ፤ እስከ አሁን ያልነገርሻቸውንም በዚያው ዕለት ንገሪያቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።